የጋራ ኮንቴይነር፦ የሐርጌሳ ባለሱቆች ትዝታ

በሶማሊላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ መሀል ገበያ ሱቅ ካላቸው ሰዎች መካከል ብቻውን ኮንቴይነር ሞልቶ ከውጭ ማስመጣት የሚችለው ጥቂቱ ነው። የቀሩት ጨርቅ ሻጮች፣ የጫማና የወጥ ቤት ዕቃ ነጋዴዎች፣ የመዋቢያና የሞባይል መለዋወጫ ባለሱቆች ሱቃቸውን ሞልተው የኖሩት ገንዘባቸውን አሰባስበው፣ አንድ ሰው ወክለው፣ የአንድ ኮንቴይነርን ቦታ ተከፋፍለው ነው። አሠራሩ በአብዛኛው በሕግ የተመዘገበ ማኅበር አልወለደም። ጽሕፈት ቤትም ማኅተምም ቃለ ጉባኤም የለውም። ማን ከማን ጋር እንደተዳበለ፣ ማን በማን ዋስትና ዕቃ እንደወሰደ፣ የትኛው ጭነት ሁሉንም እንዳቆመና የትኛው ሁሉንም እንደጣለ ተመዝግቦ የሚገኘው በዕድሜ በገፉ ነጋዴዎች ትዝታ ውስጥ ነው። ትዝታው ደግሞ ከጦርነትና ከስደት ተለይቶ አይነገርም፤ የዛሬው ገበያ የንግድ ልማድ በብዛት የተቀረጸው ከተማዋ ፈርሳ ሕዝቧ ኢትዮጵያ ውስጥ በተጠለለባቸው ዓመታት ነውና። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ ምድር ንግድ ያለ ዋስ ታስቦ አያውቅም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በበርበራ ወደብ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ድረስ ትልቅ ዓመታዊ ገበያ ይቆም ነበር። ከሐረርና ከኦጋዴን የሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች ቡና፣ ሙጫ፣ ቆዳ፣ በግና ፍየል ይዘው፣ ከዓረብና ከህንድ በመርከብ የሚመጡት ደግሞ ጨርቅ፣ ሩዝና ተምር ጭነው ይገናኙበታል። ከውጭ የመጣ ነጋዴ «አባን» የሚባል የአገሬው ጠባቂ መያዝ ነበረበት። አባኑ እንግዳውን ያስጠልላል፣ በግዢውና በሽያጩ መሀል ይቆማል፣ በእንግዳው ላይ ጥፋት ቢደርስ ከነወገኑ ይጠየቃል። ይህን ማድረግ የቻለው ብቻውን ስላልነበረ ነው። በሶማሌዎች ባህላዊ ሕግ፣ በ«ሔር»፣ የደም ካሣ የሚከፍለው ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ወንዶች የሚቆጠሩበት፣ አብሮ ለመክፈልና አብሮ ለመቀበል የተማማለ ቡድን አለ። ለአንድ ሰው ነፍስ 100 ግመል የሚባለው የታወቀ ልክ ከአንድ ቤት በረት ሊወጣ አይችልም፤ ከብዙ በረት ይዋጣል። ዕዳን አብሮ መሸከም የለመደ ሕዝብ ዕቃን አብሮ ለመግዛት አዲስ ሥርዓት መፍጠር አላስፈለገውም። የሐርጌሳ የጋራ ግዢ ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ የጋራ ተጠያቂነቱ ከጋራ ገንዘቡ በፊት ነበር።

እንግሊዞች የግዛታቸውን መቀመጫ ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ ያዛወሩት በ1941 ነው። ከባሕር 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ላይ የተቀመጠችው ከተማ ያኔ በግና ፍየል ወደ ኤደን እየላከች ሩዝ፣ ስኳርና ጨርቅ ከዚያው ታስመጣ ነበር። የእንግሊዞች ግዛት የነበረው ሰሜኑ ጁን 26 ቀን 1960 ነፃ ወጥቶ ከአምስት ቀን በኋላ የጣሊያን ግዛት ከነበረው ደቡብ ጋር ሲዋሐድ የንግዱ ፈቃድም የውጭ ምንዛሪውም ወደ ሞቃዲሾ ተጠቃለለ። በ1969 ሥልጣን የያዘው የዚያድ ባሬ መንግሥት ዋና ዋና ሸቀጦችን በመንግሥት ድርጅቶች እጅ ሲያደርግ ደግሞ የሰሜኑ ትንሽ ባለሱቅ ከራሽን አከፋፋይነት ያለፈ ቦታ ያጣ መሰለ።

ያዳነው ፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም ከአገር ውስጥ ባንክ ባልወጣ የውጭ ምንዛሪ ዕቃ ማስገባት፣ ነው። የኢትዮጵያን ገበያ የሚያውቅ አንባቢም ቃሉን አይስተውም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወዛደር፣ ሾፌርና ግንበኛ ሆነው የሚሠሩ የሰሜን ልጆች ደመወዛቸውን እዚያው ላለ ነጋዴ ይሰጣሉ፤ ነጋዴው በዚያ ገንዘብ ዕቃ ገዝቶ ይልካል፤ ዕቃው ሐርጌሳ ወይም ቡርዖ ላይ ሲሸጥ የልጁ ቤተሰብ ድርሻውን በሽልንግ ይቀበላል። አንድ ወዛደር የሚያጠራቅመው ገንዘብ ለአንድ ጭነት አይበቃም፤ የሃምሳ ወዛደር ግን ይበቃል። መሐመድ ሰዒድ ዱዓሌ በ1970 ቡርዖ ላይ የጀመሩትና ኋላ ዳሃብሺል በሚል ስም በዓለም የታወቀው የሐዋላ ድርጅት ያደገው በዚሁ መንገድ ነው። መንግሥት ፍራንኮ ቫሉታን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲከለክል ጉዳቱ ከሁሉ ይልቅ የወደቀው ሞቃዲሾ ውስጥ ፈቃድና ባንክ በማያገኘው የሰሜን ነጋዴ ላይ ነበር። በሰሜኑ ለተነሣው የትጥቅ ትግል ከቅሬታዎቹ አንዱ ይህ እንደነበረ የጊዜው ታሪክ ይመሰክራል።

በኤፕሪል 1988 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ተስማሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሠፍሮ የነበረው የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ (ኤስኤንኤም) የኋላ ደጀኑን ሊያጣ መሆኑን አይቶ ሜይ 27 ቡርዖን፣ ሜይ 31 ሐርጌሳን አጠቃ። የዚያድ ባሬ መንግሥት መልስ በሕዝቡ ላይ ሆነ። የጦር አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ ተነሥተው ሐርጌሳን ራሷን ደበደቡ። አፍሪካ ዎች በ1990 ባወጣው ዘገባ የተገደሉትን ሲቪሎች ከ50,000 እስከ 60,000 ገምቷል። ገበያው፣ መጋዘኑ፣ ቤቱ ተዘረፈ፤ ከግድግዳ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከጣራ ላይ ቆርቆሮ፣ ከደጃፍ ላይ በር ሳይቀር ተነቅሎ ተወሰደ። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ።

የስደቱ ዋና መድረሻ ከጅጅጋ በስተምሥራቅ በኩል የሚገኘው ሐርትሼክ ነበር። በአንድ ወቅት ከዓለም የስደተኛ ካምፖች ሁሉ ትልቁ ይባል ነበር፤ በብዛቱ ጫፍ ላይ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው አስጠልሏል። ውኃ በቦቴ የሚመጣበት፣ ማገዶ የሚናፈቅበት፣ ነፋስና አቧራ የማይለየው ሜዳ ነበር። ዳሃብሺልን የመሠረቱትም ሰው ንብረታቸውን አጥተው ከተሰደዱት መካከል ነበሩ፤ የሐዋላውን ሥራ ከስደተኛው መሀል ሆነው እንደገና ጀመሩት።

የሐርጌሳ የጋራ ንግድ ያደገበት ቦታ ይህ ሜዳ መሆኑ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ነገር ነው። ስደተኛው መጀመሪያ የነበረው ሸቀጥ የእርዳታ ስንዴና ዘይት ብቻ ነበር። ከራሽኑ ላይ ተቆርሶ የተሸጠ ስንዴ ሻይና ስኳር ሆነ፤ ሻይና ስኳሩ ጥቂት ጥቂት ትርፍ አመጣ፤ ከባሕረ ሰላጤውና ከአውሮፓ ዘመድ የሚልከው ሐዋላ ሲጨመርበት ቦንዳ ሰልባጅ ተገዛ። ቦንዳው ለአንድ ሰው ከባድ ነበር። ሁለት ሦስት ሴቶች አዋጥተው ይገዙታል፣ ድንኳን ውስጥ ይፈቱታል፣ ሸሚዙን ከሸሚዝ፣ ቀሚሱን ከቀሚስ ለይተው ይከፋፈሉታል። ወንዶቹ ጦር ሜዳ ስለነበሩ ወይም ስለሞቱ ቤት የሚያስተዳድሩት ሴቶች ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው ይሠሩት የነበረውን የጅምላ ንግድ የወረሱት እነርሱ ናቸው። በጎሳ ስብሰባ መቀመጫ ያልነበራት እናት እዚህ ዋስ ሆነች፤ ቃሏ ተቀባይነት አገኘ።

ከበርበራና ከሌሎች የባሕር ዳርቻ ቦታዎች በበረሃ መንገድ በጭነት መኪና የሚገባው ዕቃ ሲበረክት ሐርትሼክ የስደተኛ ካምፕ መሆኑን ሳይተው የምሥራቅ ኢትዮጵያ ታላቅ ገበያ ሆነ። ቴፕና ሬዲዮ፣ ጫማ፣ ጂንስ፣ ሽቶ ፍለጋ የድሬዳዋና የሐረር፣ በኋላም የአዲስ አበባ ነጋዴ ወደዚያ ይወርድ ጀመር። መርካቶ ውስጥ የልብስ ሥራ የጀመሩ ብዙ ሰዎች የመጀመሪያ ዕቃቸውን የገዙት ከዚያ ሜዳ ነው። በመንግሥት ዓይን ኮንትሮባንድ ነበር፤ ኬላው ላይ የተወረሰው ዕቃ ብዛትም ቀላል አይደለም። መወረሱም ቢሆን መዳበልን አስተማረ። አንድ ነጋዴ ዕቃውን በሙሉ በአንድ መኪና ከጫነ አንድ ኬላ ጠራርጎ ያስቀረዋል፤ ከሌሎች ጋር ተዳብሎ በሦስት መኪና ላይ ሦስት ድርሻ ከያዘ ግን አንዱ ቢወረስ ሁለቱ ይገባሉ። ዘላኑ ግመሉን በተለያየ ግጦሽ ላሉ ዘመዶቹ የሚያካፍለው ድርቅ ሁሉንም በአንድ ቀን እንዳይፈጅበት ነው፤ ነጋዴው ያንኑ ዕውቀት በጭነት መኪና ላይ አዋለው።

ዚያድ ባሬ በጃንዋሪ 1991 ሲወድቅ ስደተኛው ቀስ በቀስ መመለስ ጀመረ። ሶማሊላንድ ሜይ 18 ቀን 1991 ቡርዖ ላይ ነፃነቷን አወጀች፤ ዕውቅና ስላላገኘች ከዓለም አቀፍ ባንክ ብድር፣ ከሌላ አገር ንግድ ባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ ሊያገኝ የሚችል ነጋዴ አልነበረም። የተመለሰው ሰው ያገኘው ግድግዳ ብቻ ነው። የተቀበረ ፈንጂ ገና አልተለቀመም። ብዙ ቤተሰብ አንድ እግሩን ሐርትሼክ፣ አንዱን ሐርጌሳ አድርጎ ለዓመታት ኖረ፤ ካምፑ በይፋ የተዘጋው በ2004 ነው። ሱቆች የተከፈቱት በላስቲክ ዳስና በቆርቆሮ ሥር ነበር፤ ዕቃው የሚመጣውም በሐርትሼክ በለመዱት ዓይነት በድርሻ ነው። ከ1994 መጨረሻ አንሥቶ ሐርጌሳና ቡርዖ ውስጥ የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ይህን መተማመን ክፉኛ ጎዳው። ትናንት አብረው ጭነት የከፈሉ ሰዎች በጎሳ መስመር ተለያዩ፤ ሰፈር የለቀቁም ነበሩ። ሽማግሌዎች ያወረዱት ዕርቅ በ1997 የሐርጌሳ ጉባኤ እስኪደመደም ድረስ ገበያው የተሰበረ ገበያ ነበር። ስለ ሶማሊላንድ ሰላም የሚጽፉ ሰዎች ጉባኤዎቹን በደንብ ይዘግባሉ፤ ነጋዴው ሰላሙን የፈለገበትን ቀጥተኛ ምክንያት፣ ተሸጦ ያልተከፈለ የጋራ ዕቃ በሁለቱም ወገን እጅ መኖሩን፣ ብዙ ጊዜ አያነሡትም።

የግዢው ገንዘብ ምንጭ ሐዋላና ሀግባድ ነው። ሀግባድ አሠራሩ የእቁብ ነው። ሴቶች በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ያዋጣሉ፣ የተሰበሰበው በተራ ለአንዷ ይሰጣል። የመርካቶ ትልልቅ እቁቦች ዳኛና ጸሐፊ ሲኖራቸው ሀግባድ ብዙውን ጊዜ በአንዲት የታመነች ሴት ደብተር ላይ ይቆማል። ተራውን ዕጣ ብቻ አይወስነውም፤ ልጅ የታመመባት፣ ቤት የሚፈርስባት፣ ጭነት ደርሶባት ገንዘብ የጎደላት ትቀድማለች። ወለድ ክልክል ስለሆነ ቀድማ የወሰደችም መጨረሻ የወሰደችም እኩል ነው የምትከፍለው። ሥጋ ሻጮች፣ ወተት ነጋዴዎች፣ አትክልት ከቶጎ ውጫሌ የሚያስመጡ ሴቶች፣ ወርቅ አንጥፈው የሚሸጡ ሴቶች ሁሉ የየራሳቸው ሀግባድ አላቸው። የኮንቴይነር ድርሻ የምትገዛ ሴት ተራዋ ከጭነቱ ጊዜ ጋር እንዲገጥምላት ትለምናለች፤ ሰብሳቢዋም ይህን ለማመቻቸት ትደክማለች። ባንክ ባልነበረበት ከተማ የሥራ ማስኬጃ ብድር የሚባለውን ነገር የተኩት እነዚህ ደብተሮች ናቸው።

ግዢው ራሱ እንዲህ ይሄዳል። አንድ መስመር ላይ ያሉ፣ ወይም በዝምድና የሚተዋወቁ ባለሱቆች ገንዘባቸውን አስልተው አንድ ሰው ይወክላሉ። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ቪዛ የማይከለከል፣ ዕቃ የሚያውቅ፣ በሻጭ የማይታለል መሆን አለበት። በ1990ዎቹ መድረሻው የዱባይ ዴይራ ገበያ ነበር፤ ኋላ የቻይናዎቹ ጓንግዡና ዪዉ ተጨመሩ። ወኪሉ የሁሉንም ዝርዝር ይዞ ይሄዳል፤ ለአንዱ የሴት ጫማ፣ ለሌላዋ ድርያ፣ ለሦስተኛው የፕላስቲክ ዕቃ። የአውሮፕላን ትኬትና የማደሪያ ወጪው ለሁሉም ይካፈላል፤ ለድካሙ ኮሚሽን ይታሰብለታል፣ አለዚያም የራሱ ዕቃ ያለ ጭነት ኪራይ ይመጣለታል።

ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 33 ሜትር ኩብ ያህል፣ ባለ 40 ጫማው የዚያን እጥፍ ያህል ይይዛል። መርከቡ የሚያስከፍለው ግን ሞላም ጎደለም ለኮንቴይነሩ ነው። የመዳበሉ ትርፍ አንዱ እዚህ ነው፤ አምስት ሜትር ኩብ ዕቃ ያላት ሴት የአምስቱን ብቻ ትከፍላለች። ሌላው ትርፍ ፋብሪካው ላይ ነው። አንድ ሱቅ ሠላሳ ደርዘን ጫማ ቢጠይቅ የቻይና ጅምላ ሻጭ ዋጋ አይቀንስለትም፣ አንዳንዱም አይሸጥለትም፤ ስምንት ሱቆች ትእዛዛቸውን ሲያዋህዱ ግን ዋጋውን የሚጠይቁት እነርሱ ይሆናሉ። በካርቶኑ ወይም በቦንዳው ላይ የየባለቤቱ ምልክት በቀለም ይጻፋል። ሰነዱ የሚወጣው በአንድ ሰው ስም ነው፤ በበርበራ ጉምሩክ ቀረጡንም አንዱ ከፍሎ ኋላ ይተሳሰባሉ። በሰነድ ረገድ ዕቃው በሙሉ የእርሱ ነው፤ ልክድ ቢል ወረቀት የሚያቆመው የለም። የሚያቆሙት ወገኖቹ ናቸው፤ ከካደ የሚዋረዱትና የሚከፍሉት እነርሱ ናቸውና።

ጭነት ውኃ ቢገባበት፣ ወኪሉ የተሳሳተ መጠን ገዝቶ ቢመጣ፣ ዕቃው ከመድረሱ በፊት ዋጋው ቢወድቅ የሚነሣው ክርክር ፍርድ ቤት እምብዛም አይደርስም። ሁለት ሦስት ሽማግሌና አንድ ሼኽ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ይጨርሱታል። የዳኝነቱ መሠረት ብዙ ጊዜ የሚታወቅ ነው፤ በወኪሉ ቸልተኝነት የጠፋውን ወኪሉ ይከፍላል፣ ከሰው ኃይል በላይ የሆነውን ሁሉም በየድርሻቸው ይሸከሙታል።

ዕቃው ሱቅ ከገባ በኋላም መዳበሉ አይቆምም። ገዢ የጠየቀውን ያጣች ባለሱቅ ከጎረቤቷ ወስዳ ትሸጥለታለች፤ ማታ ይተሳሰባሉ። ዱቤው በደብተር ነው የሚያዘው። የሶማሊላንድ ሽልንግ በኦክቶበር 1994 ከወጣ በኋላ ዋጋው ከዓመት ዓመት እየወረደ አንድ ዶላር በሺዎች ሽልንግ የሚመነዘርበት ጊዜ ስለመጣ፣ መንገድ ዳር የተቆለለ ገንዘብ በጋሪ ማጓጓዝ የከተማዋ መታወቂያ ሆኖ ነበር። ቴሌሶም በ2009 ዛድ የተባለውን የሞባይል ገንዘብ ሲጀምር ይህ ሸክም ቀለለ። ሀግባዱም የኮንቴይነሩም መዋጮ በዶላር፣ በስልክ፣ በደቂቃ ይሰበሰብ ጀመር። ቴሌሶም ራሱ በ2002 ሲቋቋም ካፒታሉ ከብዙ ባለድርሻዎች የተዋጣ ነበር፤ ገንዘብ የማዋጣት ልማዱ ትልልቅ ኩባንያዎችን ሲወልድ የትንንሾቹን ሱቆች ቋሚ የግዢ ድርጅት ግን አልወለደም። እያንዳንዱ ኮንቴይነር በደረሰ ማግስት ማኅበሩ ይበተናል፤ ለሚቀጥለው እንደገና ይሰበሰባል።

ይህ መበተን ምን እንዳሳጣ ከሌላ አገር ጋር ሲታይ ይገባል። በ1898 በርሊን ውስጥ 21 የቅመማ ቅመምና የቡና ባለሱቆች ለጋራ ግዢ አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ኤዴካ የሚባለው የዛሬው የጀርመን ትልቁ የምግብ ሸቀጥ ንግድ የተነሣው ከዚያ ነው፤ ዛሬም መሠረቱ የራሳቸው ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች ናቸው። የበርሊኖቹ ባለሱቆች ከሐርጌሳዎቹ የበለጠ አልተማመኑም። የበለጡት በሕግ ነው፤ የጀርመን የኅብረት ሥራ ሕግ በ1889 የአባላትን ኃላፊነት በድርሻቸው ልክ የሚወስንበትን መንገድ ከፍቶላቸው ነበር። አንድ አባል ሲከስር ሌላው ቤቱን አይሸጥም፤ የማይተዋወቁ ሰዎችም አብረው መግዛት ይችላሉ። ሐርጌሳ ላይ ግን ዋሱ ዘመድ ስለሆነ የማኅበሩም ስፋት የዝምድናው ስፋት ነው። ወገን የሌለው፣ ወይም ወገኑ ደካማ የሆነ ሰው ሱቅ መክፈት ቢችል እንኳ ድርሻ አያገኝም፤ ከትልቅ አስመጪ በዱቤ ወስዶ በእርሱ ዋጋ ይሸጣል። የሐርጌሳን መተማመን ማድነቅ ተገቢ ነው፤ በር የዘጋባቸውን ሰዎች መርሳት ግን ትዝታውን ሐሰት ያደርገዋል።

ኤፕሪል 1 ቀን 2022፣ ዓርብ ማታ፣ የረመዳን ጾም ዋዜማ ላይ፣ የከተማዋ ዋና ገበያ ዋሂን በእሳት ተያያዘ። ነጋዴው ለረመዳንና ለዒድ ያለ የሌለውን ገንዘብ ዕቃ ያደረገበት ጊዜ ነበር። እሳቱ ሌሊቱን ሲነድ አድሮ 2,000 ያህል ሱቆችንና መደቦችን በላ። ሃያ ስምንት ያህል ሰዎች ቆሰሉ። ጉዳቱ ከ1.5 እስከ 2 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ፤ የያኔው ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ አብዲ መንግሥታቸው 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ አስታወቁ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የነጋዴውን ብቸኝነት ይናገራል። የእሳት አደጋ መኪናዎች በሱቆቹ መካከል ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች መግባት ተቸግረው ነበር። መተላለፊያዎቹ የጠበቡት ደግሞ እያንዳንዱ መደብ ጊዜ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ መንገዱ እየገፋ ስለመጣ ነው። ገበያተኛው ሁሉ ያየው፣ ማንም ብቻውን ሊያስተካክለው የማይችል ነገር ነበር።

በዚያ ሌሊት የተቃጠለው ሸቀጥ ብቻ አልነበረም። ብዙ ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩን የሚያስቀምጠው እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው፤ ጥሬ ገንዘቡን እንኳ እዚያ የሚያሳድር ነበረ። ተበዳሪው፣ አበዳሪውና ዋሱ በአንድ መተላለፊያ ግራና ቀኝ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም በአንድ ሌሊት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ከአባን ዘመን ጀምሮ ሥርዓቱን ያቆመው አንዱ ሲወድቅ ሌላው ቆሞ መገኘቱ ነበር። በሐርትሼክ መንገድ ላይ ዕቃውን በሦስት መኪና የከፋፈለው ነጋዴ ከተማ ሲገባ ሁሉንም በአንድ ገበያ፣ በአንድ ጣራ ሥር ሰበሰበው። አብሮ የመግዛቱን ያህል የገዛውን አብሮ ለመጠበቅ አልተዘጋጀም፤ አብዛኛው ሱቅ ኢንሹራንስ አልነበረውም፣ የጋራ የውኃ ማጠራቀሚያም የጋራ የሌሊት ዘበኝነትም ለእሳት የሚበቃ አልነበረም።

የተከተለው ጊዜ የቆየውን ልማድ በጎ ጎን መልሶ አሳየ። በውጭ የሚኖሩ የከተማዋ ልጆች መዋጮ ሰብስበው ላኩ፤ የተቃጠለባቸው ነጋዴዎች በየመንገዱና በጊዜያዊ ቦታዎች መደብ ዘረጉ፤ ገበያውም በሰፋ መንገድና በአዲስ ፕላን እንዲሠራ ተወሰነ። ድንጋይና ሲሚንቶ ግን ግማሹ ሥራ ነው። ወለድን የሚጠየፈው ነጋዴ የሚቀበለው የመድን ዓይነት አለ፤ ተካፉል ይባላል። አባላት ያዋጣሉ፣ የተጎዳው ከመዋጮው ይካሳል፣ የተረፈው ለአባላቱ ነው። ከሀግባድና ከደም ካሣ መዋጮ ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ ለሐርጌሳ ባለሱቅ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም ነበር። ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር በሚዋጣው ገንዘብ ላይ ጥቂት ሣንቲም ለመድን ቢጨመር፣ ዋሶቹም ከአንድ መተላለፊያ ሳይሆን ከተለያዩ የከተማዋ ገበያዎች ቢመረጡ የ2022 ዓይነት ሌሊት ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጥልም። ይህ ለሐርጌሳ ብቻ የሚነገር አይደለም። አዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ በኦክቶበር 21 ቀን 2024 ሲቃጠል የእሳት አደጋ ሠራተኞች መኪና ማስገባት የተቸገሩት በተመሳሳይ ምክንያት ነበር፤ እዚያም እቁብተኛው ከእቁብተኛው ጎን ለጎን ነበር ሱቁ።

በሐርትሼክ ድንኳን ውስጥ የመጀመሪያውን ቦንዳ የፈቱት ሴቶች ያኔ ሠላሳ ዓመታቸው ከነበረ አሁን ስድሳን አልፈዋል። የሠሩት ነገር ካልተመዘገበ ከእነርሱ ጋር ያልፋል። የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን፣ የነጋዴዎቹ ልጆች፣ በኢትዮጵያ በኩልም ሐርትሼክ ወርደው የገዙ የድሬዳዋና የመርካቶ ነጋዴዎች ጊዜ ሳያልፍ ሊጠይቋቸውና ሊጽፉት ይገባል፤ ምን ያህል እንዳዋጡ፣ ማን እንደከዳቸውና ማን እንደከፈለላቸው፣ ክርክሩን ማን እንደዳኘ። ስማቸው በየትኛውም የንግድ መዝገብ ላይ የለም።